አሥራ አንደኛው መስመር

ቅዳሜ ሲመሽ ነው፣ ከደሴ መንገድ ዳር፣
ጠባሴ መግቢያ ላይ፣ ቆርቆሮ ቤት ነበር፤
አግዳሚ ወንበሩ፣ ሸራው አቡጀዲ፣
ትኬት የምትቀድ፣ በር ላይ እትዬ ዘውዲ።
የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ብርድ ልብስ ሠሪ ሁሉ፣
ብርድ ልብስ የሌለው፣ ይገባል በሙሉ፤
ትንፋሻችን ወጥቶ፣ ጨረሩን ሲቆርጠው፣
የጣርማበር ጭጋግ፣ ማን እዚህ አመጣው?

እኔ ላይ ነበርኩኝ፣ ከማሽኑ አጠገብ፣
ያለቀውን ጥቅል፣ ወደ ኋላ ስሰበስብ።
ታች አቶ ሸዋንዳኝ፣ የጦር ሠፈር ጸሐፊ፣
የአሜሪካኑን ቃል፣ በአማርኛ አሳላፊ፦
«ወደድኩሽ አላት፣ እሷ እንቢ አለች»፣
«ሽጉጡን መዘዘ፣ ልጅት ደነገጠች።»

እሷ ስትገባ ግን፣ ሰሐን ተሸክማ፣
ከንፈሯ ሲላወስ፣ ቃል ስታሰማ፣
«ይኼ አያስፈልግም» ብለው ያልፏታል፤
ሻይ የምታቀርብ ምን ታወራ ኖሯል?

በግንቦት ገረድ ናት፣ በሰኔ ሐኪም ቤት
አስታማሚ ሆነች፣ ነጭ ቆብ ደፍታበት፤
በሐምሌ አከራይ ናት፣ ቁልፍ የምታቃጭል፣
ኪራይ ያልከፈለን ከደረጃ እምትጥል፤
(ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወቀጠው
ሸዋንዳኝም የለ፣ እሷም አትሰማ፣ ጣቷ ብቻ ነው።)
በነሐሴ ምስክር፣ ችሎት ፊት ቀርባ፣
ጣቷን የቀሰረች፣ ባርኔጣዋ አበባ።

በመስከረም ሞተች።
ሀብታም አክስት ሆና፣ ከነሹራቧ፣
ወራሿ የቀዳው ወተት ነው ሰበቧ።
ጀግናው ባርኔጣውን እንኳ አላነሣላት፤
ቀጥሎ ጭፈራ ነው፣ ማንም አልቀበራት።

በጥቅምት በሩን ከፍታ ገባች።
ያው ሰሐን። ያው ሻይ።
ሱፍ አበጣሪዋ ተዋበች፣ ከወንበሩ ኋላ፣
ጮኸች፦ «ሞታ አልነበር? ተዝካሯን ማን በላ?»

ከዚያን ማታ ወዲያ ስም አወጡላት፤
«ተመላሽ» ነው ስሟ፣ እልል አሉላት።
ሰሐን ይዛ ስትመጣ ፉጨት ነው፣ ጭብጨባ፤
ለቆንጆዋ ለቅሶ የለም አንድም እንባ።
አቶ ሸዋንዳኝም በግድ ተሸነፉ፣
ያላለችውን ቃል እየቀጣጠፉ፦
«ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እንደኛው አገር ነው»፣
«ጌታዬ፣ ጫማዎን በር ላይ ቢጠርጉት ምነው?»
«የሦስት ወር ደሞዜስ?» አሉ ባንድ ምሽት፤
ፋብሪካው በሙሉ ብድግ አለላት።
በማግሥቱ ሸዋንዳኝ ጣቢያ ውለው መጡ፤
«እሷ ናት ያለችው» ብለው አመለጡ።

እኔ የፈለግሁት ስሟን ነበር።
መጨረሻው ላይ፣ ስሞች ወደ ሰማይ ሲወጡ እንደ ጢስ፣
ጋሽ ቸኮል መብራቱን ያበራል፦ «ስም ለማንበብ ብለን ካርቦን አንጨርስ!»
ሰው ጋቢውን ያራግፋል፣ አግዳሚው ይንቋቋል፣
በነጣው ሸራ ላይ ስሟ ያልፍ ይሆናል።
ፊደሉን አላውቅም፤ በጣቴ ቆጠርሁኝ፤
አሥራ አንደኛው መስመር እሷ ናት መሰለኝ፤
ከአሽከሩ በታች፣ ከባቡር ጠባቂው ከፍ ብላ፣
ስሟ አጭር ነው፤ እንደ እንጨት ስንጣሪ፣ እንደ ሰበዝ ዘለላ።
ለሷ ብዬ ገባሁ ማታ ትምህርት ቤት፤
ኤ፣ ቢ፣ ሲ ቆጥሬ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ፣ በበሬሳ ውርጭ በእግሬ ሄጄበት፣
ማንበብ ስችል ጊዜ፣ ማሽኑ ተሸጦ፣
ቤቱ የገብስ መጋዘን ሆኖ አየሁት ተለውጦ።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛ ነኝ።
ከዚያ ሁሉ ፊልም አንድ ነገር ቀረኝ፦
ሲበጠስ በመቀስ ቆርጠን በሙጫ ስንቀጥል፣
ወለሉ ላይ የወደቀ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ምስል፣
ዘጠኝ ናቸው፣ በሱረት ቆርቆሮ።
ግማሽ ሰኮንድ እንኳ አትሞላም። በመስኮቱ በኩል፣
ፀሐይ ውርጩን ስትሽር፣ አንሥቼ አያታለሁ፦
ሰሐኑ በግራዋ፣ እጄታው በቀኟ፣
ዘጠኙም ላይ ቆማ፣
በሩን ገና አልከፈተችም።